ሰባት ቤት ቆጥሮ መነሻን ማግኘት፦ የቤተ እስራኤልን ዘርና የእምነት ውርስ ለሚያፈላልጉ

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የቤተሰብ ታሪክ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። የመቃብር ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለበትም፣ የልደት መዝገብ አልነበረም፣ ርስት የተነፈገ ሕዝብ ስለነበረም የመሬት ሰነድ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ኢንተርኔት ከፍቶ የቅድመ አያቱን ስም የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ይቆርጣል። ዘሩ ግን ሲቆጠር ኖሯል። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ ስለማይፈቀድ፣ ማን ከማን እንደሚወለድ አንጠርጥረው የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየመንደሩ ነበሩ። ዛሬም በእስራኤል ነታንያ፣ አሽዶድ፣ ረሆቮት፣ ቤር ሼቫ፣ ጎንደርም አሉ። ሥራው የሚጀምረው ከእነሱ ነው፤ ሰነድ የሚፈለገው የተነገረውን ለማጣራት ነው። መዝገብ ቤቱ ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው ይገኛል፤ የዘጠና ዓመቷ አክስት ግን መገኘቷን ማንም አያውቅም።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

ሰባት ቤት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም በኩል ነው። መስመሩ ሁሉ ቢሞላ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ብቻ 128 ሰው አለ፤ ከወላጆች ጀምሮ ሲደመር 254 ይሆናል። ይህን ሁሉ የሞላ ቤተሰብ የለም፣ አይጠበቅምም። አራት ትላልቅ ወረቀት ያዘጋጁና ለእያንዳንዱ አያት አንዳንድ ይስጡ፦ ለአባት አባት፣ ለአባት እናት፣ ለእናት አባት፣ ለእናት እናት። አምስተኛ ወረቀት ለብቻው ለእናት እናት እናት መስመር ይያዝ። በረቢዎች ሕግ አይሁድነት የሚተላለፈው በእናት ነው፤ የሴቶች ስም ደግሞ ከወሬ ቶሎ ስለሚወጣ ይህ መስመር ከሁሉም ቀድሞ ይበጠሳል።

ለእያንዳንዱ ሰው ስድስት ነገር ይጻፉ፦ የሚጠራባቸው ስሞች በሙሉ፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበትና የተቀበረበት መንደር፣ ያገባት ሴት ከነአባቷና ከነአገሯ፣ ያጋባው ወይም የቀበረው ቄስ (የቤተ እስራኤልም ካህን ቄስ ይባላል)፣ በመጨረሻም ይህን የነገረዎት ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ። ስድስተኛውን ሁሉም ይዘለዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ሲለያዩ ማን ምን እንዳለ ካልተጻፈ ግን ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከአያት በላይ ቅድመ አያት፣ ከእሱ በላይ ምንዥላት እያሉ መጻፍ ይቻላል። ከዚያ በላይ ያለው ስያሜ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ በቁጥር መሄድ ይሻላል። አባትን 1 ብለው ይጀምሩ። አንዳንዱ ሽማግሌ ራሱን ወይም ጠያቂውን አንድ ብሎ ስለሚነሳ፣ «ከማን ጀምረው ነው የቆጠሩት?» ብሎ መጠየቅ አንድ ትውልድ ከመሳት ያድናል።

አጠያየቅ

«ስንት ትውልድ ያውቃሉ?» ተብሎ አይጠየቅም። ይህ ጥያቄ ሽማግሌውን ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያላወቀውን እንዳያሳፍረው በታወቀ ሰው ስም ይሞላዋል። በጋብቻ በኩል ይግቡ። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

— አባባ፣ የእርስዎ ወንድም ልጅና የእነ እገሌ ልጅ ተጠያይቀው ነበር ይባላል፤ ለምን ሳይጋቡ ቀሩ?
— እንዴት ይጋባሉ! አምስት ቤት ላይ ይገናኛሉ እኮ።
— በማን በኩል?
— በአባቴ እናት በኩል ነዋ። እሷና የእነሱ ምንዥላት የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

በአንዲት ጥያቄ አንድ ሴት፣ አንድ የጋራ አባትና ሁለት መስመር ተገኘ። የቀረ ጋብቻ ከተፈጸመው ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ለመከልከል ዘሩ ተቆጥሮ፣ ተከራክሮ፣ እማኝ ተጠርቶበት ነበርና።

ከሽማግሌው ዘንድ ሲሄዱ ከአንድ ሰዓት አይበልጡ። ሲደክመው «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው የእርስዎ ግምት እንጂ የእሱ ትዝታ አይደለም። ስልኩን ጥሪ እንዳያቋርጠው በአውሮፕላን ሁኔታ አድርገው ፈቃድ ጠይቀው ይቅዱ፤ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ትራስ ወይም ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፣ አለዚያ የስኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። የቅዳሜው ሰንበት ከመግባቱ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ መደወልም መቅዳትም የለም። ቡና እየተጠጣ ሁለት ሦስት እድሜ ጠገብ ሰዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲዘል ሌላው ይመልሰዋል። ነገር ግን ሁለት ተቀናቃኝ ቤቶችን አንድ ላይ አያስቀምጡ።

ተዝካር ላይ መገኘት ከአሥር ቀጠሮ ይበልጣል። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ሁሉ እዚያ አለ፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመጣል። ለቅሶ ላይ ደግሞ የሙሾ አውራጇን ግጥም ያዳምጡ። አልቃሿ ሟቹን በአባቱ፣ በአያቱ፣ በአገሩ እየጠራች ታነሳዋለች፤ ማንም ቁጭ ብሎ የማይነግርዎት የእናት ወገን ስም በግጥሙ ውስጥ ይወጣል። ለቅሶ ላይ ስልክ ደቅኖ መቅዳት ነውር ነው። ሰባቱ ቀን ካለፈ በኋላ ወደ አልቃሿ ሄደው በእርጋታ ያስደግሟት።

ስም የሚያሳስትበት መንገድ

በአገር ቤት ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፣ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። እስራኤል ሲገባ ግን መዝጋቢው የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። አንዱ ወንድም የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አደረገ፤ በሌላ ጊዜ የመጣው ወንድሙ የአያቱን አስመዘገበ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ «የቤተሰብ ስማችን አንድ ስለሆነ ዘመዳሞች ነን» ማለትም፣ «ስለሚለያይ አይደለንም» ማለትም ስህተት ላይ ይጥላል።

ፊደሉ ሌላ ችግር ነው። ዕብራይስጥ አናባቢን በአብዛኛው አይጽፍም፤ ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ በአነባበብ አንድ ይሆኑበታል፤ ወ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ቭ ይነበባል። ወርቁ የሚባል ሰው በአንዱ ሰነድ ቮርኮ፣ በሌላው ዎርኩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስም ሲፈልጉ መጀመሪያ በአማርኛ በትክክል ይጻፉት፣ ከዚያ በዕብራይስጥ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ዘርዝረው አንድ በአንድ ይሞክሩ። በዚያ ላይ በመጡ ጊዜ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸው ብዙዎች ናቸው፤ የድሮ ስማቸውን የሚያውቀው የእድሜ እኩያቸው ነው።

ሴቶችን በተመለከተ «የእገሌ እናት»፣ «የእገሌ ሚስት» የሚለውን መልስ ተቀብለው አይለፉ። «አባቷ ቤት ሳለች ማን ይሏት ነበር?» ይበሉ። አማት ያወጣችላት ስም ካለም ሁለቱም ይጻፍ።

ከሁሉ የሚከብደው የአሳዳጊ ነገር ነው። ወላጁን በልጅነቱ ያጣ ልጅ በአጎቱ ስም ይጠራል። ወደ እስራኤል ለመድረስ በተሄደበት በሱዳን መንገድ ላይ ደግሞ ወላጆቹ የሞቱበት ሕፃን ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተደርቦ የተመዘገበበት ጊዜ አለ፤ በመጠለያ ጣቢያዎቹ ብዙዎች አይሁድነታቸውን ደብቀው ስለነበር የሐሰት ስምም ተይዟል። በዚያ ጉዞና በጣቢያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በሱዳን ያለፈ ቤተሰብ ውስጥ «ይህ ልጅ በመንገድ ላይ ከእናንተ ጋር ነበር ወይስ ሱዳን ገዳሪፍ ላይ ነው የተቀላቀለው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን ልጁ ራሱ በሌለበት፣ ቀስ ብሎ።

መንደሩን ማግኘት

«ጎንደር» መልስ አይደለም። አምቦበርና ወለቃን የመሳሰሉ የታወቁ መንደሮች ካልሆኑ በቀር፣ ብዙው ቤተ እስራኤል የኖረው በክርስቲያን መንደር ዳርቻ በጥቂት ጎጆ ነው። ያው ስም ያለው ቦታ ደግሞ በደምቢያም፣ በወገራም፣ በሰሜንም ሊኖር ይችላል። ስሙን ብቻ ይዘው ካርታ ላይ አይሂዱ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የትኛው ወንዝ ነበር የምትወርዱበት? የየትኛውን ገበያ፣ በምን ቀን ትገበዩ ነበር? ተራራ ላይ ለሚከበረው ለስግድ በዓል የት ትወጡ ነበር?

ወንዙ የግድ ይታወሳል፤ ለመንጻት በየጊዜው የሚወረድበት ነውና መንደሩ ከውሃ አይርቅም ነበር። ገበያው ደግሞ ከነቀኑ ይታወሳል፤ ሴቶቹ ሸክላ፣ ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ይዘው የሚወጡበት ነው። የማክሰኞ ገበያ ከተባለ የረቡዕ ገበያ ያለበት ተመሳሳይ ስም ወዲያው ይወድቃል። ቦታውን ሲያገኙ የድሮውንም የዛሬውንም አስተዳደር ይጻፉ። ከአብዮቱ በፊት በጌምድርና ሰሜን ይባል የነበረው ክፍል ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተከልሷል፤ የድሮ ሰነድ የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው። ቤተሰቡ ከሽሬ ወይም ከወልቃይት በኩል ከሆነ ሽማግሌው በትግርኛ ቢናገር ይቀለዋልና አስተርጓሚ ዘመድ ይውሰዱ።

ዘመኑን መገመት

ዓመተ ምሕረት ጠይቀው መልስ ባያገኙ አይግረምዎት። ክስተት ይጥቀሱ። «ጣሊያን ሲገባ እናትዎ አግብታ ነበር?» ከ1928 ዓ.ም. በፊት ወይስ በኋላ እንደሆነ ይለያል። ደርግን የተቃወመው ኢዲዩ ጎንደር አካባቢ ሲዋጋ 1969 ነው። ሰዎችን ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ያጓጓዘው ዘመቻ ሙሴ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ቆየ። ዘመቻ ሰሎሞን ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ ደርግ ሊወድቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ አንስቷል። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምሩ። ሁሉንም በ8 የሚለውጥ ሰው የበልግን ልጅ ልክ ያመጣል፣ የጥቅምትን ልጅ ግን አንድ ዓመት ያሳስታል።

በአባትና በልጅ መካከል 25 እስከ 30 ዓመት ይያዙ። በ1970 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሰባተኛ አባቱ ከ1760 እስከ 1795 ባለው ጊዜ፣ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ፣ ይወድቃል። ሽማግሌው ሰባተኛውን «የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሰው ነው» ካለዎት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጎድሏል፤ ምናልባት «የእገሌ ልጅ» ሲል «የእገሌ ዘር» ማለቱ ነው፣ መካከል ላይ ያሉት ስሞች በአንድ ታዋቂ ሰው ተውጠዋል። በሁለት ስም መካከል ከ50 ዓመት በላይ ካለ ቦታውን ባዶ ይተዉና የጥያቄ ምልክት ያድርጉ። ባዶ ቦታ አያሳፍርም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው መገጣጠሚያ ክፉ ቀን ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሃብ። ለዛሬ ጎልማሳ ቅድመ አያቱ ወይም ምንዥላቱ ላይ ይመጣል። መንደር ሙሉ ያለቀበት፣ የተረፈው የተሰደደበት፣ ልጅ ለሌላ የተሰጠበት፣ አንዳንዱም ተጠምቆ የቀረበት ዘመን ነው። እዚያ ላይ ሲደርሱ «ከክፉ ቀን በፊት አገራቸው የት ነበር?» ብለው ለብቻው ይጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ «አገራችን» የሚለው ከረሃቡ በኋላ የሰፈረበትን ነው።

የተጠመቀ ወገን ካለ

በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከቤተ እስራኤል ወደ ክርስትና የገቡ ቤተሰቦች አሉ፤ በሚሲዮን ትምህርት፣ በረሃብ፣ መሬት ለማግኘት። ዘሩን ሲፈልጉ ያ ቅርንጫፍ የተለየበትን ሰው በስሙ ማግኘት አለብዎት፦ ማን ተጠመቀ፣ የት ደብር፣ የክርስትና አባቱ ማን ነበር፣ የመጀመሪያው መሬት በማን ስም ገባ። የክርስትና ስሙና የቤት ስሙ ስለሚለያዩ የሁለት ሰው መስለው ይመዘገባሉ። በዚያ ወገን ጥያቄ ሲያነሱ የሚነካ ቁስል እንዳለ ይወቁ፤ ለረጅም ጊዜ ከሁለቱም ወገን የተገፉ ናቸው። «ፈላሽ ሙራ» የሚለውን ስም ሰዎቹ ራሳቸው ካልተጠቀሙበት እርስዎም አይጠቀሙበት።

የዘር ሐረጉ ለዓሊያ፣ ማለትም ወደ እስራኤል ለመግባት፣ ማመልከቻ የሚውል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የእነዚህ ቤተሰቦች መግቢያ በመመለሻው ሕግ ሳይሆን በመግቢያው ሕግና በመንግሥት ውሳኔ የሚታይ ነው፤ ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ። በገንዘብ የዘር ሐረግ «ለሚያዘጋጅ» ደላላ አንድ ሳንቲም አይስጡ። አንድ የሐሰት አጎት የገባበት ሐረግ የእውነተኞቹንም ዘመዶች ፋይል ያበላሻል።

አሁን ወደ ሰነዱ

እስራኤል ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ሲገቡ የተሰጠው ቴዑዳት ዖሌ (የአዲስ ገቢ የምስክር ወረቀት) ነው፤ የመጡበት ቀንና አብረው የተመዘገቡ የቤተሰብ አባላት ይገኙበታል። ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕዝብ መዝገብ ቢሮ ስለራስዎ የምዝገባ ማጠቃለያ ሲጠይቁ የቀድሞ ስሞችም እንዲካተቱ ያስጽፉ። ኬቱባ (የጋብቻ ውል) የሙሽራውንና የሙሽራዋን አባት ስም ይይዛል። በመዝገብ ላይ ያለ የልደት ቀን ግን ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ ታላቅና ታናሽ የተገላበጡበት ሰነድ ሲያገኙ ሽማግሌዋን ይመኑ።

ከዚያ በላይ ለመሄድ የሚጠቅመው ፎቶና ደብዳቤ ነው። የቤተ እስራኤልን ጉዳይ ያጠና የነበረው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ ጀምሮ የሰበሰበው ክምችት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1924 ገደማ በአዲስ አበባ የከፈተው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ዘመድ ካለዎት፣ የትምህርት ቤቱን ኃላፊ ታምራት አማኑኤልን ወይም መምህሩን ዮና ቦጋለን ያውቅ የነበረ ካለ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ለትምህርት ወደ እስራኤል ክፋር ባትያ ከተላኩት 27 ወጣቶች አንዱ ከሆነ፣ ስሙን በወረቀት የማግኘት ዕድል አለ። ኢየሩሳሌም የሚገኙት የጽዮናውያን ማዕከላዊ መዝገብ ቤትና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክርም ይታያሉ። በድሮው ማውጫ ላይ «ቤተ እስራኤል» ብለው ብቻ ቢፈልጉ ብዙ ያመልጥዎታል፤ «ፈላሻ» እና «ካይላ» የሚሉት ጎረቤት ያወጣቸው ስድብ አዘል ስሞች ናቸው፣ መዝገቡ ግን በእነሱ ነው የተሰደረው። ፎቶ ሲያገኙ በስልክ አያሳዩ። በትልቅ ወረቀት አሳትመው ይዘው ይሂዱና ሽማግሌው በእጁ ይያዘው፤ ከፊት ያለውን ሰው ባያውቀው ከኋላ ያለውን ጎጆ ያውቀዋል።

የእምነቱ መስመር

የሥጋ ዘር አንድ ነው፤ የትምህርት ዘር ሌላ። ቄስ ካለ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ከማን ተማሩ? ማን ሾመዎት? በየትኛው ጸሎት ቤት አገለገሉ? መልሱን ይዘው የአስተማሪውን አስተማሪ ይጠይቁ። መስመሩ ብዙ ጊዜ ወደ መነኮሳት ይወጣል፤ ምንኩስናው በትውፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ሳብራና የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ በሚባለው በጸጋ አምላክ የተጀመረ ነው። ከክፉ ቀን በኋላ መነኮሳቱ ተመናምነው የአመራሩ ሸክም በቄሶች ላይ ወደቀ። ቄስ በቤተሰብዎ ባይኖርም የመንደርዎ ቄስ ማን እንደነበረ ማወቅ፣ ቤተሰቡ የትኛውን ዜማና የትኛውን ሥርዓት ይከተል እንደነበረ ያሳያል።

እስራኤል የተወለደ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አያቱን ስለ ሐኑካ፣ ስለ አይሁድ የመብራት በዓል፣ በመጠየቅ ነው። በአገር ቤት ሐኑካ አልነበረም፤ የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ተልሙድም አልተደረሰበትም። መሠረቱ በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ነው፣ ከእሱም ጋር ኩፋሌ፣ ሄኖክ፣ ትእዛዘ ሰንበት። ስለዚህ በነበረው ስም ይጠይቁ፦ ብርሃን ሠረቀ፣ አስተስርዮ፣ በዓለ መጸለት፣ ስግድ፣ ፋሲካ፣ ማዕረር። የመከር በዓሉ ማዕረር የሚቆጠረው ከፋሲካ የመጨረሻ ቀን ማግሥት ስለሆነ በዕብራውያን ወር በሲዋን 12 ይውል ነበር፤ ሽማግሌዋ ይኸው በዓል በእስራኤል ከሚከበርበት ከሻቩዖት ቀን ጋር የማይገጥም ነገር ብትነግርዎት ተሳስታ አይደለም።

ጥያቄው ወደ እጅ ሥራ ሲወርድ መልስ ይጎርፋል። «ፋሲካን እንዴት ታከብሩ ነበር?» ከማለት «ለፋሲካ አሮጌው ድስት ምን ይደረግ ነበር?» ይበሉ። ያኔ የሸክላው መሰበር፣ አዲሱን ማን እንደሠራው፣ ቂጣው ሳይቦካ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጋገር፣ በጉ በ14ኛው ቀን የት እንደሚታረድ ይወጣል። ስለ ሰንበት ዳቦ ሲጠይቁም ቄሱ ባርኮ ሲቆርሰው መጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ ይጠይቁ። የሴቶች ሥርዓት፣ የመርገም ጎጆውና የአራስ ቤቱ፣ ለወንድ ልጅ 40 ለሴት ልጅ 80 ቀን የሚቆየው፣ በሴት ጠያቂ ይጠየቅ። ወንድ ከጠየቀ የሚያገኘው ሁለት ቃል ነው።

ጸሎት መማር ለሚፈልግ ከአጭር ይጀመር። ብዙው ጸሎት «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብሎ ይከፍታል፤ ይህንን መግቢያ ከነዜማው በአንድ ቄስ ዘንድ ደጋግሞ መስማት ሃያ ጸሎት በወረቀት ከመያዝ ይሻላል። ሲጽፉት የሰሙትን እንደሰሙት ይጻፉ። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ከኋላ ሲያነበው «ይህ ቃል ተበላሽቷል» ብሎ ሊያርመው ይነሳል፤ በጸሎቱ ውስጥ የአገው ቋንቋ ስላለ እርማቱ ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስግድ ላይ የሚሄዱ ከሆነ በዓሉ በዕብራውያን ወር ኅሽዋን 29፣ ከአስተስርዮ 50ኛው ቀን ነው፤ የሚከበርበት ዕለት ሊሸጋሸግ ስለሚችል በየዓመቱ ያረጋግጡ። እስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ብላ ደንግጋዋለች፣ ዋናው መሰባሰቢያም በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ዳቦና ጭፈራ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ጠዋት አለ፤ ጾሙ ሳይፈታ፣ ኦሪቱ ወጥቶ፣ አሠርቱ ትእዛዛትና የነህምያ ንስሐ ሲነበብ። ነጭ ለብሰው በጠዋት ይድረሱ፣ ከቄሶቹ ጥላ ሥር ለመስማት በሚያስችል ርቀት ይቁሙ፣ ከዚያ አጠገብዎ ያሉትን እናት በአገር ቤት ለስግድ ድንጋይ ተሸክመው የወጡበትን ተራራ ስም ይጠይቋቸው። መንደሩን ሲፈልጉ የጠፋብዎት መልስ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ዳን፣ ሰሎሞንና የደም ምርመራ

ቤተ እስራኤል ከየት እንደመጡ የሚተርከው ትውፊት ከአንድ በላይ ነው፤ ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር፣ ከዳን ነገድ፣ በግብጽ በኩል። የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራን ተከትለው የዳን ነገድ ናቸው በሚለው ነው። ይህ የሕዝቡ ሁሉ ታሪክ እንጂ የአንድ ቤት ሐረግ አይደለም። የእርስዎን ሰባተኛ አባት ቀጥታ ከዳን ጋር የሚያገናኝ ወረቀት ያመጣልዎት ሰው ካለ፣ ወረቀቱን ይመልሱለት። ትውፊቱን ለብቻው ገጽ ይስጡት፤ ከስም ዝርዝሩ ጋር አይስፉት።

የዲኤንኤ ምርመራ ያንን አይፈታም። ምርመራው በአብዛኛው የሚያሳየው ከአገውና ከአማራ ጎረቤት ጋር ያለ ቅርበት ነው፤ አይሁድነትን አያረጋግጥም፣ አያፈርስምም። የሚጠቅመው ለቅርብ ዝምድና ነው፤ በሱዳን የተለያየ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ለመፈለግ። እስራኤል ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄኔቲክ መረጃ ሕግ የዝምድና ምርመራን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሚከለክል መጀመሪያ ሕጉን ይጠይቁ።

ያገኙትን መያዝ

ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ በስልክዎ፣ በሌላ አገር ባለ ዘመድ እጅ፣ በታተመ ወረቀት። በሕይወት ያለ ሰው ስም በአደባባይ ድረ ገጽ ላይ አይለጠፍ። በአንዳንድ ሐረግ ውስጥ «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚል የድሮ መለያየት ይመጣል፤ ለሰውዬው መስመር አስፈላጊ ከሆነ በግል ወረቀት ይቆይ፣ በጋራ ቅጂው ላይ አይግባ። ዛሬም ጋብቻ የሚያበላሽ ነገር ነው።

የታተመውን አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ይስጡት፣ ፊደሉን ለእሱ ዓይን በሚበቃ መጠን አሳድገው። ሠርግ በመጣ ቁጥር እሱ ጋር ስለሚኬድ፣ አዲስ የተገኘውን ስም የሚጨምርልዎትም፣ የተሳሳተውን የሚሰርዝልዎትም እሱ ነው፤ በየስድስት ወሩ ሄደው የጻፈበትን ወደ ዋናው ይገልብጡ።